ቱንግስተን የማይቀልጥ ብረት ከሆነ የኔ ጫፍ ለምን ያልቃል? (ቲግ ብየዳ፣ ድሬዳዋ)

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ሰላም ጀመዓ። ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። ስቴንለስ ነው የምሠራው፤ የደረጃ መደገፊያ፣ የጁስ ቤት ጠረጴዛ፣ የሆቴል እቃ ማጠቢያ። እስከ ቅርብ ጊዜ በተራ ኤሌክትሮድ ነበር የምበይደው። አሁን ቲግ ማሽን (በአርገን ጋዝ እየተከለለ የሚበይደውን) ገዛሁና ሥራው እንደሚያምር አየሁ። ግን ቱንግስተኑ፣ ማለትም አርኩ (የኤሌክትሪክ እሳቱ) የሚነሳበት ቀጭን ዘንግ፣ አስቸገረኝ።

በግራይንደር ሹል አድርጌው እጀምራለሁ። ትንሽ እንደሄድኩ ጫፉ ይጠቁራል። ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቢጫ ዱቄት ነገር ይይዛል። አርኩ ወዲያ ወዲህ መወላወል ይጀምራል። ተመልሼ ወደ ግራይንደር። ዘንጉ ከብየዳው ይልቅ በመሞረድ ነው እያለቀ ያለው።

ሻጩ «ይሄ በዓለም ላይ ከብረት ሁሉ የማይቀልጠው ነው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ኢንተርኔት ላይም 3422 ዲግሪ ይላል። ታዲያ ምን እየበላው ነው? ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

አቦ_በያጁ፦
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ እነዚህን ንገረኝ። ቶርቹን (ቱንግስተኑን የያዘውን የእጅ መበየጃ) የሰካኸው ፕላስ ላይ ነው ማይነስ ላይ? ውፍረቱ ስንት ነው? በስንት አምፔር ነው የምትሠራው? ጋዙ ስንት ላይ ነው? የዘንጉ ዓይነት የሚለይበት፣ ዳር ላይ የተቀባው ቀለምስ?

ፕላስ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልግ። ሙቀቱ በብዛት ወደ ቱንግስተኑ ይዞርና ጫፉን አቅልጦ ድቡልቡል ያደርገዋል። ለስቴንለስ ቶርቹ ማይነስ ላይ ነው።

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ማይነስ ላይ ነው። 1.6 ሚሊ። ከ80 እስከ 90 አምፔር። አርገኑ በደቂቃ 8 ሊትር። ቀለሙ ቀይ።

ገንደቆሬ_ቦይ፦
3422 ብሎ የጻፈው ሰውዬ ሰኔ ላይ ድሬ መጥቶ አያውቅም። ወላሂ የኛ ጸሐይ ነው ያቀለጠው።

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ሳቅ በሳቅ አደረግከኝ። እውነትክን ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ቬንቲሌተሩ ባይኖር ከቱንግስተኑ በፊት እኔ እቀልጥ ነበር።

ፊዚክስ_ከዚራ፦
አስተማሪ ነኝ፣ ብየዳ አላውቅም። ጥያቄው ግን ደስ ስላለኝ ልግባበት።

3422 ትክክል ነው። ከብረታ ብረት ሁሉ ከፍተኛው የመቅለጫ ነጥብ የእሱ ነው። ብረት 1538 ላይ ይቀልጣል፣ መዳብ 1085 ላይ፣ ወርቅ 1064 ላይ። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚነግርህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኦክስጅን ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አይነግርህም።

ቱንግስተን ቀዝቅዞ ሳለ አየር ምንም አያደርገውም። መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ቢቀመጥ ያው ነው። ከ400 እና ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ከኦክስጅን ጋር መዋሃድ ይጀምራል። መጀመሪያ ቀለሙ ይቀየራል። ቀጥሎ ቢጫ ኦክሳይድ ይሆናል። ከ1000 ዲግሪ በላይ ደግሞ ያ ኦክሳይድ ራሱ እየተነነ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው አዲስ ብረት ይጋለጣል፣ እሱም በተራው ይበላል። አንተ ያየኸው ቢጫ ዱቄት እሱ ነው። ጫፍህ አልቀለጠም፣ ተቃጠለ።

በክር አምፖል ማየት ትችላለህ። ክሩ ቱንግስተን ነው። 2500 ዲግሪ አካባቢ እየጋለ 1000 ሰዓት ያህል ይሠራል፣ ምክንያቱም ውስጡ አየር የለም፤ ወይ ባዶ ነው ወይ አርገን ተሞልቶበታል። ብርጭቆው በጣም ትንሽ ቢሰነጠቅና ብታበራው ግን ቦግ ይልና ነጭ ጭስ ብርጭቆውን ከውስጥ ይለብሰዋል። ክሩ በአንድ አፍታ አለቀ ማለት ነው። ሙቀቱ አልተቀየረም። የተቀየረው አየሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ በያጆቹ እመልሳለሁ። አየር ከየት ገባ?

የባቡር_ቶርኖ፦
እኔ ምድር ባቡር ጋራዥ ነው ያደግኩት፣ ቶርኖ ላይ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። መምህር፣ አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። ከሁሉም በላይ የሚቀልጠው ይሄ ከሆነ በምን ድስት ነው የሚያቀልጡት? ድስቱ ቀድሞ አይቀልጥም?

ፊዚክስ_ከዚራ፦
ጋሼ፣ ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጠይቁኝ ምን ነበር!

ብዙውን ጊዜ አያቀልጡትም። ከማዕድኑ መጀመሪያ ኦክሳይዱን ይለያሉ። እሱን በሃይድሮጅን ውስጥ ሲያግሉት ሃይድሮጅኑ ኦክስጅኑን ይወስድና ግራጫ የቱንግስተን ዱቄት ይቀራል። ዱቄቱን በከባድ ፕሬስ ይጨምቁታል። ከዚያ ሃይድሮጅን ውስጥ እንዳለ ከመቅለጫው በታች ያግሉታል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ቀጥሎ በጋለበት እየቀጠቀጡ፣ በጠባብ ቀዳዳ እየጎተቱ ሽቦ ያደርጉታል።

ይሄን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ፈጅቷል። ብረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩት ሁለቱ የኤልሁያር ወንድማማቾች ናቸው፣ ስፔን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1783። ግን ተሰባሪ ነበር። ሳይሰበር የሚታጠፍ ሽቦ የተገኘው በ1909 ገደማ ነው፤ አሜሪካ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ኩሊጅ ነው የሠራው። በመሀል ከ120 ዓመት በላይ አለ።

የባቡር_ቶርኖ፦
እግዜር ይስጥህ። አሁን ገባኝ። የኛ ዊዲያም እንደዚያው በዱቄት ነው የሚሠራው ማለት ነው።

ለማያውቁት፣ ዊዲያ የቶርኖ ቢላ ጫፍ ላይ የሚበየደው ጠንካራ ቁራጭ ነው። የግድግዳ መብሻ ፑንታ ጫፍ ላይም ያለው እሱ ነው። ንጹሕ ቱንግስተን አይደለም፤ ቱንግስተን ከካርቦን ጋር ተዋህዶ፣ በኮባልት ተጣብቆ ነው። በ1920ዎቹ ጀርመን ውስጥ ክሩፕ ነው በዚህ ስም ለገበያ ያወጣው። ከዚያ በፊት የነበረው የብረት ቢላ ቶሎ ይግልና ይሞታል። ዊዲያው ግን ፍርፋሪው ሰማያዊ ሆኖ እየወጣ እሱ ይቆርጣል።

ግን ጠባዩን ማወቅ አለብህ። ጠንካራ ነው፣ መመታት አይወድም። ጀማሪ ልጅ ቢላውን ሳያርቅ ማሽኑን ያቆምና ቀጭ! ጥጉ ተገነጠለ። የጋለውን ዊዲያ ውሃ ውስጥ የሚነክርም አጋጥሞኛል። ወዲያው ይሰነጠቃል። ሲሞረድም በተራው ግራጫ ድንጋይ አይሆንም፣ አረንጓዴው ድንጋይ ያስፈልገዋል። በተራው ድንጋይ ስትሞርደው የሚያልቀው ድንጋዩ ነው።

ሰማያዊ_ባጃጅ፦
የኔ ጥያቄ ቀላል ነው። የባጃጄ የፊት መብራት ሃሎጅን ነው። አዲስ እቀይራለሁ፣ ሳይቆይ ይቃጠላል። እሱም ቱንግስተን ነው አይደል? ሻጮቹ ሁሉ ደህና እቃ ነው ይላሉ።

ፊዚክስ_ከዚራ፦
አዎ፣ ክሩ ቱንግስተን ነው። ሃሎጅን ያሰኘው ውስጡ የተጨመረው ትንሽ ብሮሚን ወይም አዮዲን ነው። በተራ አምፖል ከክሩ የሚተነው ቱንግስተን ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል፤ አሮጌ አምፖል ከውስጥ የሚጠቁረው ለዚያ ነው። ሃሎጅኑ ግን የተነነውን ይይዝና መልሶ ክሩ ላይ ያራግፈዋል። ለዚህ ሥራ ብርጭቆው በጣም መጋል ስላለበት ትንሽ ነው፣ ከኳርትዝ ነው የሚሠራው።

ስትቀይር በጣትህ ነካኸው?

ሰማያዊ_ባጃጅ፦
በምን ልነካው ታዲያ? በጣቴ ነዋ። ያውም ጫት ይዤ።

ፊዚክስ_ከዚራ፦
ከጣትህ የሚወጣው ቅባትና ላብ ኳርትዙ ላይ ይቀራል። ሲግል ያ ቦታ ይጎዳል፣ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ አየር ገባ፣ ክሩ አለቀ። በንጹሕ ጨርቅ ወይም በሶፍት ያዘው፣ ወይም የብረቱን ግርጌ ብቻ ያዝ። ከነካኸው በአልኮል ጥረገው።

ሌላው ቮልቴጁን አስለካ። ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ከተበላሸና ቮልቴጁ ከፍ ካለ የትኛውም አምፖል አይቆይልህም። ደግሞ አስተውለህ ከሆነ፣ አምፖል የሚቃጠለው በብዛት ሲበራ ነው። ቤት ውስጥም መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው ጧ የሚለው። ቱንግስተን ቀዝቃዛ ሲሆን ተቃውሞው ከጋለው ከአሥር እጅ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከባድ ከረንት ይገባል። አንድ ቦታ የሳሳ ክር ካለ እዚያ ጋ ይበጠሳል።

ጁገል_ወርቅ፦
ከሐረር ነኝ። አባቴ ወርቅ ሠሪ ነው፣ እኔም ሱቁ ውስጥ ነው የምውለው። በኛ ሙያ ቱንግስተን ሲባል ሰው ይደነግጣል።

ምክንያቱ ክብደቱ ነው። ወርቅ በኪዩቢክ ሳንቲሜትር 19.3 ግራም ነው። ቱንግስተን 19.25። እርሳስ እንኳ 11.3 ነው። ስለዚህ ቱንግስተን መሀል አስገብቶ ውጩን በወርቅ የለበጠ ሰው ሚዛንን ያታልላል። በውሃ ውስጥ መመዘንም አያድንም። 100 ግራም ንጹሕ ወርቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ 5.18 ግራም ያህል ይቀንሳል፣ ቱንግስተን 5.19 ገደማ። ያንን ልዩነት የሱቅ ሚዛን አያየውም። ድንጋይ ላይ ፈትጎ በአሲድ ማየት ደግሞ የላዩን ብቻ ነው የሚነግርህ።

ግን ተረጋጉ፤ ይሄ ስጋት ለጥፍጥፍ ወርቅ ነው እንጂ ለጌጥ ብዙም አይደለም። ቱንግስተን ለአምባር ወይም ለጉትቻ የሚሆን ሥራ አይቀበልም። ወርቅ በመዶሻ ይሳሳል፣ ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል። እሱ ይሰበራል። አባቴ የሚጠራጠረውን ጥፍጥፍ ባለቤቱ ፊት መሀሉን ይቆርጠዋል ወይም ያቀልጠዋል። ወርቁ ሲቀልጥ ቱንግስተኑ እንዳለ ከሥር ቁጭ ይላል። ባለቤቱ «አይቆረጥም» ካለ አባቴ «እንግዲያውስ በሰላም ሂድ» ነው የሚለው።

ሳቢያን_ስቴንለስ፣ ያንተን ዘንግ ግን በሚዛን መለየት ይቻላል። ርዝመቱ ስንት ነው?

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
15 ሳንቲሜትር። 10 ፍሬ ያለበት ያልተከፈተ ፓኮ አለኝ።

ጁገል_ወርቅ፦
1.6 ሚሊ በ15 ሳንቲሜትር ከሆነ አንዱ 5.8 ግራም አካባቢ መሆን አለበት። 10ሩ ያለ ፓኮው 58 ግራም ይመጣሉ። ተራ ብረት ቢሆን 24 እንኳ አይሞላም። ቀፊራ ወርቅ ቤት አይጠፋም፣ «ልመዝን» ብትላቸው እምቢ አይሉህም። ማግኔትም አስጠጋበት። ከሳበው ቱንግስተን አይደለም።

ራጅ_ሐረር፦
እኔም ከሐረር ነኝ፣ ራጅ ክፍል ነው የምሠራው። እኛ ጋም አለ፣ ማንም አያየውም እንጂ።

የራጅ ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚተፋው ክር ቱንግስተን ነው። ኤሌክትሮኑ ሄዶ የሚመታው ዲስክም ፊቱ ቱንግስተን ነው፣ ብዙ ጊዜ ሬኒየም የሚባል ብረት ትንሽ ተቀላቅሎበት። ከሚመታው ጉልበት ራጅ የሚሆነው 1 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ሙቀት ነው። ለዚህ ነው ዲስኩ በደቂቃ 3000 ጊዜ እና ከዚያም በላይ የሚሽከረከረው፤ አንድ ቦታ ብቻ እየተመታ እንዳይቀልጥ። ቱቦው ባዶ ነው፣ አየር የለውም። መምህሩ ያሉት እዚህም ይሠራል።

ጠዋት ማሽኑን ስንከፍት ቶሎ ትልቅ ምት አንሰጠውም። በትንሽ በትንሹ እናሞቀዋለን። ቀዝቃዛ ቱንግስተን ተሰባሪ ስለሆነ ድንገት ከጋለ ፊቱ ይሰነጣጠቃል። ታካሚ ተሰልፎ «ምን እየጠበቃችሁ ነው?» ሲለን ዲስኩን እየጠበቅን ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልናገር፣ ከርዕስ ብወጣም። ወንዶች አሁን የሚያደርጉት ጥቁር የማይጫር ቀለበት አለ፣ የቱንግስተን ካርባይድ። ጋሼ ዊዲያ ያሉት ዘር ነው። ጣት ሲያብጥ ተራው የቀለበት መቁረጫ አይበጥሰውም። አትደንግጡ። በቫይስ ግሪፕ ከውጭ ቀስ እያሉ ትንሽ ትንሽ ማጥበቅ ነው። አይታጠፍም፣ ይሰነጠቅና ለሁለት ይከፈላል። ዓይን ይሸፈን፣ ፍንጣሪ አለው።

ገንደቆሬ_ቦይ፦
እኔ ላግባ ብዬ ቀለበቱን መርጬ ነበር። አሁን ቫይስ ግሪፕም ጥሎሽ ውስጥ ይካተት።

አቦ_በያጁ፦
ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሁን ሁሉንም አነበብኩት። ሳቢያን፣ ቬንቲሌተር ነው ያልከው? የት ነው የቆመው?

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ከኋላዬ። ጠረጴዛው ላይ ይነፍሳል።

አቦ_በያጁ፦
በቃ። አየሩ የገባው በዚያ ነው።

ኤሌክትሮድ ስትበይድ ልባሱ ራሱ እየነደደ ብየዳውን ይሸፍንልሃል። ትንሽ ንፋስ ይችላል። ቲግ እንደዚያ አይደለም። መከለያህ ከሴራሚኩ፣ ማለትም ቱንግስተኑን ከከበበው የቶርቹ አፍ፣ የሚወጣው አርገን ብቻ ነው። ቬንቲሌተሩ ጠርጎ ወሰደው፣ አየር ገባ፣ ቱንግስተኑ ነደደ። ብየዳህንም እየው፤ ግራጫና ጥቁር ሆኖ ይሆናል። ደህና ስቴንለስ ወርቃማ ወይም ብርማ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ጋዙን ልጨምር እንዳትል። 20 ብታደርገው ከሴራሚኩ ሲወጣ ይረበሽና ራሱ አየር ይስባል፣ ሲሊንደርህም ያልቃል። 8 በቂ ነው።

ሌላው፣ ስትጨርስ ቶርቹን ቶሎ አታንሳ። አርኩ ከጠፋ በኋላ ጋዙ ገና እየወጣ ነው። ለ10 አምፔር 1 ሰከንድ ብለህ አስብ። በ90 ስትሠራ 9 ሰከንድ እዚያው ያዘው። የጋለው ጫፍ አየር ካገኘ ያው ይጠቁራል።

ፊዚክስ_ከዚራ፦
አንድ ነገር አልገባኝም ጋሼ። አርኩ ራሱ ከ3422 በጣም ይበልጣል። አርገን ቢኖርስ ጫፉ ለምን አይቀልጥም?

አቦ_በያጁ፦
እሱን እኔ ልጠይቅህ ነበር መምህር!

ፊዚክስ_ከዚራ፦
እሺ፣ ትንሽ አነበብኩ። ቶርቹ ማይነስ ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ከቱንግስተኑ እየዘለሉ ይወጣሉ። ሲወጡ ከብረቱ ጉልበት ይዘው ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ጫፉን ያቀዘቅዙታል። ያንን ጉልበት የሚያራግፉት ስቴንለሱ ላይ ነው። ከሙቀቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ወደ ሥራው የሚሄደው ለዚህ ነው። ቱንግስተኑ ውስጥ የሚጨመረው ኦክሳይድ ደግሞ ኤሌክትሮኑ በቀላሉ እንዲወጣ ያግዛል። ጫፉ ያን ያህል መጋል አይጠበቅበትም።

አቦ_በያጁ፦
ስለ ተጨማሪው ካነሳህ አይቀር፣ ስለ ቀዩ አንድ ነገር ልበል። ቀዩ ውስጥ ያለው ቶሪየም ነው። አርኩ ጥሩ ነው፣ እኔም ብዙ ሠርቼበታለሁ። ግን ቶሪየም ጨረር አለው። ዘንጉን በእጅ መያዝ ይሄን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ስትሞርድ የሚወጣው አቧራ ነው፣ ወደ ሳንባ ሲገባ። አንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እየሞረድክ ነው የከረምከው፣ ያውም ቬንቲሌተር ፊት። ማስክ አድርግ። ግራይንደሩ ሥር ያለውን አቧራ በደረቁ አትጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሳው። ያለህ ሲያልቅ ሰማያዊውን ወይም ወርቃማውን ግዛ። እነሱ ላንታነም ናቸው፣ ጨረር የላቸውም። ለስቴንለስ እኔ ከቀዩ ሰማያዊውን ነው የምመርጠው። አረንጓዴው ንጹሕ ቱንግስተን ነው፣ ለአሉሚኒየም እንጂ ላንተ አይሆንም።

ስትሞርድም በርዝመቱ ሞርደው፣ ጭረቱ ወደ ጫፍ እንዲሄድ። ዙሪያውን ከሞረድከው አርኩ ይዋልላል።

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ዛሬ ቬንቲሌተሩን አጥፍቼ ሞከርኩት። ያው ማሽን፣ ያው ዘንግ፣ ያው 8 ሊትር። አንድ ሙሉ የደረጃ መደገፊያ ጨርሼ ጫፉን ሳየው ነጭ ነው፣ እንደሞረድኩት ነው ያለው። ብየዳውም ቀለሙ ወርቃማ ወጣ። ፓኮውንም ወርቅ ቤት አስመዘንኩት፣ 58 ግራም ከምናምን። ሻጩን በከንቱ ነው የጠረጠርኩት።

ግን ወላሂ ያለ ቬንቲሌተር እዚህ ቆርቆሮ ሥር አይዋልም። ልብሴ ተጨምቆ የሚንጠባጠብ ሆነ።

ሰማያዊ_ባጃጅ፦
ሌሊት ሥራ።

የባቡር_ቶርኖ፦
ጋራዥ እያለን ንጋት ላይ ነበር ከባዱን የምንጨርሰው። ከሰዓት ጥላ ሥር የሚሠራ ሥራ ነበር።

አቦ_በያጁ፦
ሌሊት አያስፈልግም፣ ጎረቤትም ይጮህብሃል። ጠረጴዛህን በሦስት ጎን በላሜራ ክለለው፣ ከፍታው ትከሻህ ድረስ። ቬንቲሌተሩን ከጀርባህ አንሳና ከጎን በኩል ወደ ጭንቅላትህ ብቻ እንዲነፍስ ከፍ አድርገህ ስቀለው። የሲጋራ ወይም የዕጣን ጭስ ሴራሚኩ አጠገብ ያዝ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ በይድ፤ ከተጋደመ ቬንቲሌተሩን ገና አላስተካከልከውም።

ሳቢያን_ስቴንለስ፦
ዕጣኑ ደስ አለኝ። ከጠረጴዛው ሥር ላሜራ ቁራጭ ሞልቷል፣ ነገ እከልላለሁ። የተቃጠሉት ጫፎችስ? በፒንሳ ሰብሬ ልቀጥል?

አቦ_በያጁ፦
በፒንሳ አትስበረው። እህታችን ከራጅ ክፍል እንዳለችው ቀዝቃዛው ተሰባሪ ነው፤ በቁመቱ ይሰነጠቅና ስንጥቁን ሳታየው ትበይዳለህ። ዙሪያውን በቀጭን ዲስክ ጫረውና እዚያ ላይ ቁረጠው። ከዚያ ሞርድ። ማስኩን አትርሳ።